«የስፔን ዝንብ» የተባለችው ጢንዚዛ

ክንፏን መቁጠር ይበቃል። ዝንብ ሁለት ክንፍ ብቻ አላት፤ የኋላው ጥንድ ተመናምኖ በበረራ ጊዜ ሚዛን የሚጠብቁ ሁለት ትንንሽ እንቡጦች ሆኗል። «የስፔን ዝንብ» የሚል ስም የወጣላት ፍጥረት ግን አራት ክንፍ አላት፦ ከላይ እንደ ክዳን የሚሸፍን አረንጓዴ ጥንድ፣ ከሥሩ ደግሞ ተጣጥፎ የሚቀመጥና ለበረራ ብቻ የሚዘረጋ ስስ ጥንድ። እንዲህ ያለ የክንፍ ክዳን ያለው ጢንዚዛ ነው። «የስፔን» የሚለውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። ከስሙ ጋር ተጣብቆ የመጣው ሦስተኛው ነገር፣ «መስተፋቅር ናት» የሚለው ወሬ፣ ከሁለቱም ይከፋል። ሁለቱ ስህተቶች ማንንም አልጎዱም፤ ሦስተኛው ግን ሰው ገድሏል። ስለዚህ ይህን ስም አንድ በአንድ መፍታት ተገቢ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይንሳዊ ስሟ ሊታ ቬሲካቶሪያ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 ሜሎይ ቬሲካቶሪየስ ብሎ መዘገባት፤ በ1775 ዴንማርካዊው ፋብሪሲየስ ሊታ የሚለውን ወገን አቋቋመ። «ቬሲካ» በላቲን ፊኛ ማለት ነው፤ የሽንት ፊኛም ሆነ ቆዳ ላይ የሚቋጠረው ውኃ በዚሁ ቃል ይጠራል። የጢንዚዛዋ መርዝ የሚያጠቃው በዋናነት ቆዳንና የሽንት መንገድን ስለሆነ፣ በዓለም ላይ ካሉት ስሞቿ ሁሉ የተሻለው ይህ ላቲኑ ነው ማለት ይቻላል። የምትመደብበት ቤተሰብ ሜሎይዴ ይባላል፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። በአማርኛ «ውኃ አስቋጣሪ ጢንዚዛዎች» ብንላቸው ያስኬዳል።

ርዝመቷ ከ12 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውነቷ ቀጠን ብሎ ረዘም ያለ፣ ቀለሟ እንደ ብረት የሚያብለጨልጭ ወርቅማ አረንጓዴ ነው፤ በፀሐይ ላይ አንዳንዴ ወደ መዳብ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። በብዛት ስትሰበሰብ ሽታዋ ከሩቅ ይመጣል፤ ብዙዎች ከአይጥ ሽንት ጋር ያመሳስሉታል። በአውሮፓ ከእሷ ጋር የምትምታታው ጽጌረዳ ላይ የምትውለው አረንጓዴ ጢንዚዛ ናት። ያቺኛዋ ሰፊ፣ ከባድና እንደ ድንጋይ የጠነከረች ናት፤ የስፔን ዝንብ የምትባለው ግን ለስላሳ ናት፣ የክንፏ ክዳን እንደ ስስ ቆዳ ይታጠፋል። በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ሲያዩዋት ሦስት ምልክቶች ይለዩዋታል። ጭንቅላቷ ከዓይኖቿ ጀርባ ሰፍቶ ወዲያው በቀጭን አንገት ይያዛል። የእግሯ ጣት ክፍልፋዮች በፊተኞቹና በመካከለኞቹ እግሮች ላይ አምስት አምስት፣ በኋለኞቹ ላይ አራት አራት ናቸው። ጥፍሮቿም እያንዳንዳቸው ለሁለት የተሰነጠቁ ናቸው። ሦስቱም ካሉ ውኃ አስቋጣሪ ቤተሰብ ውስጥ መሆኗ አያጠራጥርም። ይህን ሁሉ ለማየት በጣት መያዝ አያስፈልግም፤ ክዳን ያለው ብርጭቆ ይበቃል።

የምትኖረው ከደቡብ አውሮፓ እስከ መካከለኛው እስያና ሳይቤሪያ ነው። ምግቧ የዛፍ ቅጠል ነው፤ ከሁሉ የምትመርጠው አሽ የተባለውን ዛፍ ነው። አሽ፣ ላይላክና ለአጥር የሚተከለው ፕሪቬት፣ ሦስቱም የወይራ ቤተሰብ ናቸው። የእኛም ወይራ ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ጢንዚዛዋ ግን በኢትዮጵያ የለችም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ሲበረታ በመንጋ ትወጣና አንድን ዛፍ ከላይ እስከ ታች ትወርረዋለች፤ የቅጠሉ ጅማት ብቻ ይቀራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደመጣች ትጠፋለች።

«የስፔን» የተባለችው ሰፈሯ ስፔን ብቻ ስለሆነ አይደለም። ደረቅ ጢንዚዛው ለመድኃኒት ሲሸጥ ከስፔን ይመጣ ስለነበር የነጋዴ ስም ነው የተሰጣት። የንግዱ ምንጭ ወደ ሃንጋሪ፣ ወደ ሩሲያና ወደ ሲሲሊ ከዞረ በኋላም ስሙ አልተቀየረም። ጀርመንኛው፣ ደችኛው፣ ሩሲያኛው ሁሉ «የስፔን ዝንብ» እንዳለ ቀረ። «ዝንብ» የሚለው ደግሞ በጥንቱ የአውሮፓ አነጋገር የሚበር ትንሽ ነፍሳት ሁሉ በዚያ ቃል ይጠራ ስለነበር ነው። መድኃኒት ቤቶች የተጠቀሙበት ሌላው ስም ካንታሪስ የሚለው የግሪክ ቃል ነው። እሱም የራሱን መዘዝ አመጣ፤ ዛሬ ካንታሪዴ የሚል ስም የያዘው የጢንዚዛ ቤተሰብ ሌላ ነው፤ ካንታሪዲን የሚባለው የእሷ መርዝም በውስጡ የለም። ስሙ ወዲያ፣ መርዙ ወዲህ ሆነ ማለት ነው። መጽሐፍ ከፍቶ በስም ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መርዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ፒየር ሮቢኬ ነው፤ ዘመኑም 1810 ነው። ካንታሪዲን ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው ክሪስታል ነው፤ አንዱ ሞለኪውል 10 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 4 ኦክሲጅን ይይዛል። የሚቀልጠው በ212 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በዘይትና በአሴቶን ግን ይሟሟል። ይህ የመሟሟት ባሕርይ በኋላ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ስንነጋገር ይመለሳል፣ ልብ ይበሉት። ሌላው ባሕርዩ ጽናቱ ነው፦ ጢንዚዛዋ ሞታ፣ ደርቃ፣ ለዓመታት በሣጥን ብትቀመጥም መርዙ እዚያው ነው።

በአንዲት ጢንዚዛ ሰውነት ውስጥ ከ0.2 እስከ 0.7 ሚሊ ግራም የሚደርስ ካንታሪዲን ይገኛል፤ ወንዱ ከሴቷ የበለጠ ይይዛል። ምክንያቱም መርዙን የሚሠራው ወንዱ ነው፤ በሚገናኙበት ጊዜ ከዘሩ ጋር ለሴቷ ያስረክባታል። እሷም እንቁላሏን በእሱ ታስጠብቃለች፤ ጉንዳንም ሆነ ሌላ አዳኝ እንዳይበላው። ሲነኳት ደግሞ ከእግሮቿ መገጣጠሚያ የደም ጠብታ ታወጣለች፤ ደሟ መርዙን የተሸከመ ነው። ስለዚህ ቆዳን ለማቁሰል ንክሻ አያስፈልጋትም፣ መውጊያም የላትም። አንገት ላይ አርፋ በመዳፍ መጨፍለቅ፣ ወይም በክንድና በሸሚዝ መካከል መያዝ በቂ ነው።

ቆዳው ላይ የሚሆነውን ነገር ሳይንስ በደንብ ያውቀዋል። ካንታሪዲን ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ገብቶ ፕሮቲን ፎስፋቴዝ 2ኤ የተባለውን ኢንዛይም ያግዳል። ያ ሲታገድ ፕሮቲን የሚሰባብሩ ሌሎች ኢንዛይሞች ይለቀቁና የቆዳ ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዙትን ማያያዣዎች ይፈታሉ። ሴሎቹ ሲለያዩ በመካከላቸው ፈሳሽ ይሞላል፤ ውኃ ቋጠረ የምንለው ይህ ነው። መጀመሪያ ምንም አይሰማም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይነፋል። ጉዳቱ ከላይኛው ሽፋን በታች ስለማይወርድ፣ ካልተነካካና ካልመገለ፣ በሳምንት አካባቢ ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ሕክምናው ይህቺን ጠባሳ አልባነት ነው የሚፈልጋት።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ልጆቿ ትንሽ ልበል፤ ስለዚህ ነፍሳት ከተጻፈው ሁሉ አስደናቂው እሱ ሆኖ ሳለ የሚነገርለት ጥቂት ነው። እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ቆፍረው ለብቻቸው የሚኖሩ ንቦች ጎጆ ባለበት አካባቢ ነው። የሚፈለፈለው እጭ ቀጭንና ፈጣን ነው፤ በየእግሩ ጫፍ ሦስት ጥፍር የሚመስል መንጠቆ ስላለው «ባለ ሦስት ጥፍር» ይሉታል። የሚድነው የንብ ጓዳ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። እዚያ ደርሶ ለንቧ ልጅ የተቀመጠውን ስንቅ ይበላል። ከገባ በኋላ መልኩን ይቀይራል፤ ሯጩ እጭ ወፍራምና ሰነፍ ትል ይሆናል፣ ቀጥሎ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ሳይበላ ሳይንቀሳቀስ የአውሮፓን ብርዳማ ወቅት ያሳልፋል፣ ከዚያ ፑፓ (በእጭና በጢንዚዛ መካከል ያለው ደረጃ) ሆኖ በመጨረሻ ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል። በእጭነት ዘመኑ ብቻ እንዲህ ደጋግሞ ቅርጽ መቀየርን ፈረንሳዊው ዣን አንሪ ፋብር በ1857 የዚሁ ቤተሰብ አባል በሆነች በሌላ ዝርያ ላይ አጥንቶ ስም አወጣለት፤ «ከለውጥ ያለፈ ለውጥ» እንደማለት ነው። ጢንዚዛዋን አርብቶ መሸጥ አስቸጋሪ የሆነውም ለዚህ ነው፤ እሷን ለማርባት መጀመሪያ የዱር ንብ ማርባት ያስፈልጋል። ስለዚህ ንግዱ ሁልጊዜ ከዛፍ ላይ በመልቀም የሚካሄድ ነበር።

ለቀማው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የሚለቀመው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው፤ በዚያ ሰዓት ብርዱ ጢንዚዛዎቹን አደንዝዟቸው መብረር አይችሉም። ከዛፉ ሥር አንሶላ ይነጠፋል፣ ቅርንጫፉ ይነቀነቃል ወይም በረጅም እንጨት ይመታል። ለቃሚዎቹ ፊታቸውንና እጃቸውን ይሸፍናሉ፤ ብናኙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። የተለቀመው በኮምጣጤ እንፋሎት ይገደላል፣ ከዚያ በዝቅተኛ ሙቀት ይደርቃል። በደንብ ካልደረቀ ይበሰብሳል፤ ሽታው ወደ አሞኒያ ይቀየራል፣ ጥራቱም ይወድቃል። ደርቆም ቢሆን አየር በሚያስገባ ዕቃ ከተቀመጠ የደረቀ ሥጋና ቆዳ የሚበሉ ትንንሽ ነፍሳትና ቅንቅን ይገቡበታል፤ እነሱ ለስላሳውን ክፍል ሲጨርሱ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ልምድ ያለው መድኃኒት ቀማሚ ዱቄት አይገዛም ነበር፤ ጢንዚዛውን ሙሉውን ገዝቶ ራሱ ይፈጨው ነበር። በዱቄቱ ላይ ቁልቋል መሰል ከሆነ ተክል የወጣ ሙጫ እየቀላቀሉ የሚያታልሉ ስለነበሩ ነው። እውነተኛው ዱቄት በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሚያብለጨልጩ አረንጓዴ ፍንጣሪዎች አሉት። እነዚያው ፍንጣሪዎች በመርዝ ምርመራ ታሪክም ቦታ አላቸው፤ በዱቄቱ ተመርዞ የሞተ ሰው ጨጓራና አንጀት ውስጥ ሐኪሞች ሲፈልጉ የኖሩት እነሱን ነው።

ዱቄቱ ከሰምና ከሞራ ጋር ተቀላቅሎ በጨርቅ ላይ ይቀባና በቆዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ዓላማው ሆን ብሎ ውኃ ማስቋጠር ነበር፤ ክፉው ፈሳሽ በቆዳ ከወጣ የውስጡ በሽታ ይቀላል የሚል እምነት ነበርና። የሳንባ ምች፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ራስ ምታት ሳይቀር በዚህ ይታከም ነበር። ያ እምነት ትክክል አልነበረም። ልጥፉ ብዙ ሲቆይ ደግሞ መርዙ በተላጠው ቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳ ነበር፤ በሽተኛው ሽንቱን ሲሸና ማቃጠል ሲጀምረው ልጥፉ ይነሳ የሚል መመሪያ የወጣው ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁንም በሕክምና ውስጥ አለ፤ ግን በሌላ መልክ። በልጆች ቆዳ ላይ ሞለስከም ኮንታጂዮሰም የተባለ ቫይረስ የሚያወጣው ትንንሽ እባጭ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በሐምሌ 2023፣ 0.7 በመቶ ካንታሪዲን ያለበትን ፈሳሽ ለዚህ በሽታ ፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ። የሚቀባው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው፣ በእያንዳንዱ እባጭ ላይ ብቻ፣ ጤናማውን ቆዳ ሳይነካ። ከ24 ሰዓት በኋላ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ እንደ አስፈላጊነቱ በየሦስት ሳምንቱ ይደገማል። ልዩነቱን ይመልከቱ፦ መጠኑ ታውቋል፣ ቦታው ተወስኗል፣ የሚታጠብበት ሰዓት ተነግሯል። ወደ ሆድ የሚገባ ነገር የለም።

ወደ ሆድ የገባ ጊዜ ነው ነገሩ የሚበላሸው። «መስተፋቅር» የሚለው ስም ከየት መጣ ቢሉ፣ ከዚሁ ከመርዙ ሥራ ነው። የተዋጠ ካንታሪዲን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። በመንገዱ ላይ የሽንት ፊኛንና የሽንት ቱቦን ውስጠኛ ሽፋን ልክ እንደ ቆዳ ያቃጥለዋል። በዚያ ቁጣ የተነሳ ወደ አካባቢው ደም ይሞላል፤ በወንድ ላይ ብልት ይወጠራል፣ ለሰዓታት ላይመለስም ይችላል። ይህ መወጠር ምኞት አይደለም፤ ያማል እንጂ አያስደስትም። በሴት ላይም ማቃጠልና ማሳከክ ነው። ስንፈተ ወሲብ የሚባለውን ችግር ከሥሩ የሚነካ አንዳች ነገር የለበትም። የቃጠሎ ምልክትን የፍላጎት ምልክት ብሎ ማንበብ፣ የስህተቱ ሥር ይህ ነው።

የፈረንሳይ ጦር ሐኪሞች ይህን በአንድ እንግዳ መንገድ አይተውታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ የነበሩ ወታደሮች የሆድ ቁርጠትና ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የሚያሠቃይ መወጠር ይዟቸው መጡ። ሲጠየቁ እንቁራሪት በልተው ነበር። ሐኪሙ እንቁራሪቶቹን ከተያዙበት ቦታ አስመጥቶ ሆዳቸውን ሲከፍት በውኃ አስቋጣሪ ጢንዚዛ ተሞልቶ አገኘው። በ1990 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶማስ አይዝነርና ባልደረቦቹ ነገሩን በሙከራ አረጋገጡት፤ እንቁራሪት ጢንዚዛዎቹን ብትበላ አትታመምም፣ መርዙ ግን በሥጋዋ ውስጥ ለጊዜው ይቀመጣል። ወታደሮቹ ማንም መድኃኒት ሳይሰጣቸው፣ ምንም ሳይጠብቁ ነው ያ የደረሰባቸው፤ የተሰማቸውም ሕመም ብቻ ነው።

በሰው እጅ ተሰጥቶ የደረሰው ጉዳት የበለጠ ይዘገንናል። በ1772 ፈረንሳዊው ባላባትና ጸሐፊ ማርኪ ደ ሳድ በማርሴይ ከተማ አኒስ የተባለ ቅመም የሚሸት ከረሜላ ውስጥ ይህን ዱቄት አድርጎ ለሴቶች ሰጠ፤ ሴቶቹ በጽኑ ታመሙ፣ እሱም በሌለበት ሞት ተፈረደበት። በ1954 ለንደን ውስጥ በመድኃኒት ጅምላ ንግድ ውስጥ የሚሠራ ሰው ካንታሪዲን በኮኮናት ጣፋጭ ውስጥ ደብቆ ለሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ሰጠ። ሁለቱም ሴቶች ሞቱ፤ እሱ 5 ዓመት ተፈረደበት። ሊገድላቸው አላሰበም ነበር፤ የተከተለው ያንኑ ወሬ ነው። በ1996 በአሜሪካ የታተመ የሕክምና ዘገባ ደግሞ «የስፔን ዝንብ» ወስደው ድንገተኛ ክፍል የገቡ አራት ሰዎችን ያቀርባል። በሞሮኮ የቅመም ገበያም ራስ ኤል ሐኑት በሚባለው ድብልቅ ውስጥ ጢንዚዛዋ ትገባ ነበር፤ ሽያጯ በ1990ዎቹ ተከልክሏል።

«ትንሽ ብቻ ብወስድስ?» ለሚል ሰው መልሱ ቁጥሩ ነው። ወደ 10 ሚሊ ግራም የሚሆን ካንታሪዲን ሰው ሊገድል እንደሚችል በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ያ ከአንድ ቁንጥር ጨው እጅግ ያነሰ ነው። አንዷ ጢንዚዛ ከሌላዋ፣ ወንዱ ከሴቷ፣ አንዱ ዱቄት ከሌላው በመርዝ መጠኑ ይለያያል። በሚያሳክክ መጠንና በሚገድል መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ በዱቄት ለክቶ ደኅና መሆን የሚችል ሰው የለም።

ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በዚህ ስም የሚሸጡት ጠብታዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። አብዛኞቹ ውስጥ ጢንዚዛ የሚባል ነገር የለም፤ ስኳር ያለበት ውኃ፣ ሚጥሚጣ መሰል የሚያቃጥል ቅመም ወይም የዕፅዋት ጭማቂ ነው። ገንዘብ ማባከን ከመሆን አያልፍም። ችግሩ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በዓይንም በማሽተትም መለየት አለመቻሉ ነው፤ ካንታሪዲን ሽታም ቀለምም የለውም ብለናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1989 ባወጣው ደንብ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የፍትወት ማነቃቂያ ተብለው የሚሸጡ ምርቶች ደኅንነታቸውም ፍቱንነታቸውም እንዳልተረጋገጠ ወስኗል፤ ካንታሪደስ (የዚህችው ጢንዚዛ መድኃኒታዊ ስም) በስም ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ስንፈተ ወሲብ ያለበት ሰው የስኳር በሽታና የደም ግፊት ምርመራ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ብዙ ጊዜ ሥሩ እዚያ ነው።

አንድ ሰው ወስዶት ከሆነ ምልክቶቹ በቅደም ተከተል ይመጣሉ። አፍና ጉሮሮ ይቃጠላል፣ ከንፈርና ምላስ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፣ ለመዋጥ ያስቸግራል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ትውከቱ ደም ይቀላቅላል። ቀጥሎ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ያቃጥላል፣ ደም ይይዛል፤ ኩላሊት ሥራ ሊያቆም ይችላል። ማርከሻ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሆስፒታል መድረስ ነው፤ ጠርሙሱንም ይዞ መሄድ። እንዲያስታውክ ጣት አይግባ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስም ያቃጥላል። ወተት፣ ቅቤ ወይም ዘይት አይስጡት። አገራችን ውስጥ «መርዝ ለጠጣ ወተት» ማለት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ካንታሪዲን በቅባት ስለሚሟሟ ቅባቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። ሆስፒታሉ የሚሠራው ፈሳሽ በደም ሥር እየሰጠ ኩላሊቱን መጠበቅ፣ የደም መፍሰሱን መከታተልና ሕመሙን ማስታገስ ነው።

ቆዳ ላይ ያረፈች እንደሆነ ደግሞ አይጨፍልቋት። እፍ ብለው ያባርሯት፣ ወይም በወረቀት ጠርዝ ገፍተው ይጣሏት። የነካችውን ቦታ ወዲያው በሳሙና ደጋግመው ይታጠቡ፤ ውኃ ብቻውን ቅባት ወዳዱን መርዝ በደንብ አያነሳውም። ውኃ ከቋጠረ አያፈንዱት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይተዉት። እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ አጥበው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በምሥራቅ አፍሪካ «የናይሮቢ ዝንብ» የምትባለውን ከዚህች ጋር የሚያቀላቅሉ ብዙ ናቸው። እሷም ዝንብ አይደለችም፤ ጢንዚዛ ናት፣ የስም ስህተቱ ተደገመ። ግን ቤተሰቧ ሌላ ነው፦ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰች፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ሸንተረር ያላት፣ የክንፏ ክዳን በጣም አጭር ስለሆነ ጉንዳን የምትመስል ናት። መርዟ ፔደሪን ይባላል፤ የሚሠራላትም በውስጧ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሚያቃጥለው ዘግይቶ፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ነው፤ ጣት በጎተታት መስመር ላይ ይቀላል። በመብራት የምትሳብ ስለሆነች ማታ አልጋ አጠገብ ያለውን መብራት ማጥፋትና አጎበር መጠቀም ይረዳል።

የስፔኗ ኢትዮጵያ ውስጥ ባትኖርም ዘመዶቿ አሉ። በቦሎቄ፣ በባሚያና በጥጥ አበባ ላይ የሚታዩት ጥቁር መደብ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካን ወይም ቀይ መቀነት ያላቸው ጢንዚዛዎች ከዚሁ ውኃ አስቋጣሪ ቤተሰብ ናቸው፤ ካንታሪዲንም ይይዛሉ። ደማቅ ቀለማቸው «አትንኩኝ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የሚበሉት አበባውን ነው፤ አበባ ከሌለ ፍሬ አይቋጠርም፤ ጉዳታቸውም በአበባ ወቅት ላይ ይከማቻል። ይሁንና የብዙዎቹ እጭ አፈር ውስጥ የፌንጣና የአንበጣ እንቁላል ይበላል። ስለዚህ ጥቂት ብቻ ሲታዩ መድኃኒት መርጨት አይመከርም፤ ርጭቱ አበባ ላይ የሚውሉትን ንቦችም ይገድላል። በትንሽ ማሳ የሚሻለው በእጅ መልቀም ነው፦ ማለዳ ገና ሳይሞቃቸው፣ ጓንት አድርጎ ወይም እጅን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ፣ አበባውን ሳሙና ባለበት የውኃ ባልዲ ላይ እያዘነበሉ ማራገፍ። በባዶ እጅ የሚለቅሙ ልጆች በጣታቸው መካከል ውኃ ይቋጥራሉ። ባልዲው ውስጥ የሞቱትን ለዶሮ አይስጡ፤ ከብት ከሚግጥበት ራቅ አድርገው ይቅበሯቸው።

የመኖ ድርቆሽም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሜሪካ አልፋልፋ በተባለው የመኖ ተክል ላይ የሚሰበሰቡ የዚሁ ቤተሰብ ጢንዚዛዎች ከድርቆሹ ጋር ታስረው ፈረስ ይገድላሉ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የማጨጃው ማሽን ነው፤ ሲያጭድ ግንዱን በሮለር የሚጨፈልቀው ዓይነት ጢንዚዛዎቹን እዚያው ገድሎ ከሣሩ ጋር ያስቀራቸዋል። ሳይጨፈልቅ ቆርጦ የሚተው ከሆነ ሣሩ ሲጠወልግ በርረው ይሄዳሉ። ሌላው መንገድ አልፋልፋው አበባ ከማውጣቱ በፊት ማጨድ ነው። ድርቆሹን በመጋዘን ማቆየት መርዙን አያጠፋውም።

ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ሙከራ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይም ይኸው ይሠራል። በመርፌ ተሰክታ አሥር ዓመት የቆየች ውኃ አስቋጣሪ ጢንዚዛ ዛሬም መርዛማ ናት። ሣጥኑ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ የወደቀ ክንፍ ወይም ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ በእፍታ አይበተን፤ ናሙናውን የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ምግብ አይንካ።